ደጋ ያሳደገውን ልጅ ለበረሃ ለምትሰጡ ወገኖቼ

በሰቆጣና በዙሪያዋ፣ በደሃናና በጋዝጊብላ የምትኖሩ፣ ከእኔ ጋር አብራችሁ የሸበታችሁ ወገኖቼ፤ አዝመራው ከአውድማ ሳይነሣ የደላላ እግር በየደጃፋችን መመላለሱን እያየሁ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ነው ይህን መጻፌ። እህሉ ይሸጣል፣ በሬው ገበያ ይወጣል፣ መሬቱ በኪራይ ይያዛል፤ ያ ሁሉ ገንዘብ ተጠራቅሞ ልጅ ወደ ጅዳና ወደ ሪያድ መላኪያ ይሆናል፤ ቤተሰቡም ሙሽራ እንደሚሸኝ ሁሉ መርቆ ይሸኛል። ስለ ደመወዙ ይወራል፣ ስለሚሠራው ቆርቆሮ ቤት ይወራል፤ ልጁ ስለሚገባበት አየር፣ ስለሚያድርበት ጣሪያ፣ በየትኛው ሰዓት ከፀሐይ በታች እንደሚቆም የሚጠይቅ ሰው ግን አጣሁ።

እኛ እኮ ይህን ነገር የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ዋግንና ላስታን፣ ራያንና የጁን ባራቆተ ጊዜ፣ ከኅዳር ወር ጀምሮ ሰፈራ የሚባለው ነገር መጣ። ኮረም ላይ ለእርዳታ እህል የተሰለፈው ሰው በአውቶቡስና በአንቶኖቭ እየተጫነ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ ተወሰደ፤ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ የተነሣው ሕዝብ 600,000 ያህል ነበር። ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ መተከል ውስጥ ፓዌ ገቡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው የወረዱት ሰዎች ጋቢውን የሚያስጥል ሙቀት ተቀበላቸው፤ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነበር፣ አየሩ እርጥብና ከባድ ነበር፣ ከብቱን ገንዲ ይፈጀው ነበር፣ ሰውን ደግሞ ወባ። ደጋ ላይ ወባን በስሙ እንጂ በገላው የማያውቅ ሰው ደሙ ለዚያ በሽታ አልተዘጋጀም፤ ከረሃብ ካመለጠው ብዙው፣ ራሽን እየበላ፣ ጠገብኩ ባለበት ወራት ወደቀ። በመጀመሪያው ክረምት ቀባሪው ራሱ እየታመመ መቃብር የሚቆፍር የጠፋበት ጊዜ እንደ ነበር ከዚያ የተመለሱት ሲነግሩን ሰምተናል። የተረፉት አንዳንዶቹ በሱዳን ዞረው፣ ሌሎቹ ጎጃምን በእግራቸው አቋርጠው መጡ። ከእነሱ አንዱ ጎረቤቴ ነበር፤ ከተመለሰ ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን እንስራው በራስጌው ሞልቶ ካላደረ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ሌሊት ሲነቃ በጨለማ እጁን ሰዶ ውሃው መኖሩን ይዳስስ ነበር።

ያን ጊዜ ግን ቢያንስ የምንወቅሰው ሌላ ሰው ነበረን። የጫነን ሌላ፣ የቆጠረን ሌላ፣ ያወረደን ሌላ ነበር፤ እኛ ከረሃቡ በላይ ጉልበት አልነበረንም። ዛሬ ከመተከል በብዙ ወደሚብስ በረሃ ልጆቻችንን የሚሰጠው የእኛው እጅ ነው፤ የምንከፍለውም እኛው ነን። የሚያሳዝነኝም፣ ሌሊት የሚያስነሣኝም ይህ ነው፤ ያን ያየ ዓይን ይህን ሳያይ መቅረቱ።

ሰቆጣ የዝናብ አገር ናት ብዬ አላታልላችሁም። ክረምታችን አጭር ነው፣ ሰኔ መጨረሻ ገብቶ ነሐሴ ሳያልቅ የሚከዳን ዓመት ብዙ ነው። ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ቀኑ ቢያቃጥል ሌሊቱ ይራራል፣ ሰው በጥላ ቢቀመጥ ትንፋሹ ይመለሳል፣ በሐምሌ ጠዋት ጋቢ ያልደረበ ይንቀጠቀጣል። በዚያው በሐምሌ ሪያድ ላይ የቀኑ ሙቀት 43 እና 45 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ ብዙ አይወርድም፤ ዝናቡም የዓመቱ ሁሉ ተደምሮ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጅዳ ደግሞ ቀይ ባሕር ዳር ስለሆነች የሙቀቷ ጭንቅ ሌላ ነው፤ አየሩ በባሕሩ እርጥበት ስለሚጠግብ ላብ ከገላ ላይ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀም ገላን አያቀዘቅዝም፣ ሰውየው እንደ ተከደነ ድስት ከውስጡ ይፈላል። የቆላው ልጅ ይችለዋል የሚል ሰውም ሰምቻለሁ። የአበርገሌና የዝቋላ ልጅ በተከዜ ሸለቆ ሙቀት ማደጉ እውነት ነው፤ ግን እሱም ያደገው ወንዝ ባለበት፣ የግራር ጥላ ባለበት፣ በቀትር ከብቱን አሳርፎ እሱም በሚያርፍበት አገር ነው። እረፍቱን የሚወስነው ራሱ ነበር። እዚያ የሚወስነው አሠሪው ነው።

የሐኪሞችን ነገር ልንገራችሁ። ለሙቀት እንግዳ የሆነ ሰውነት ላቡን ማብዛት፣ ጨዉን መቆጠብ፣ ልቡን ከአዲሱ አየር ጋር ማስማማት የሚማረው ቀስ በቀስ ነው፤ ሥራውን ከጥቂት ሰዓት ጀምሮ እያሳደገ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በሥራ ላይ ሳሉ ሙቀት ከሚገድላቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ምክንያቱም አዲስ ገቢ ሠራተኛ ታታሪነቱን ማሳየት ይፈልጋል፣ ደከመኝ ማለትን ያፍራል። የእኛ ልጅ ደግሞ ደከመኝ አትበል ተብሎ ያደገ፣ ከኋላው የበሬ ዋጋና የአራጣ ዕዳ የሚያባርረው ልጅ ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መካ ላይ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ በደረሰበት የሐጅ ሰሞን ከ1,300 በላይ ምዕመናን ሞቱ፤ ከእነሱ አብዛኞቹ ፈቃድ ያልያዙ፣ በዚህም ምክንያት የቀዘቀዘ ድንኳንና ማረፊያ ያላገኙ፣ ረጅሙን መንገድ በእግራቸው የሄዱ ነበሩ። ሙቀቱ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ወረቀት ያለው ጥላ አገኘ፣ ወረቀት የሌለው በፀሐይ ላይ ቀረ። ልጆቻችን በባሕር ተሻግረው፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ያለ ኢቃማ ወደዚያ አገር ሲገቡ ከየትኛው ወገን እንደሚቆሙ አስቡት።

በሳዑዲ ሕግ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ድረስ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። ደላላውም ይህን ሲያውቅ ይነግራችኋል። የማይነግራችሁ ግን የአገሩ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛንና የበረሃ እረኛን የማይሸፍን መሆኑን ነው፤ ለእነሱ ሌላ ደንብ አለ፣ የሚቆጣጠረው ዓይን ግን ከቤቱ አጥርና ከበረሃው ወዲያ ብዙ አይደርስም። የእኛ ልጆች ሥራ ደግሞ ይኸው ሁለቱ ነው፤ ሴቷ ማድቤት፣ ወንዱ ከፍየልና ከግመል ኋላ። እንደ እኛው ከቀዝቃዛ ተራራ ወደዚያ የወረዱ የኔፓል ወጣቶች አሉ። ጤነኛ ሆነው ሄደው፣ ዓመታት በሙቀት ውስጥ በቂ ውሃ ሳይጠጡ ሠርተው፣ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ኩላሊታቸው ሞቶ የሚመለሱት በርካታ በመሆናቸው የአገራቸው ሐኪሞች ደጋግመው ጮኸዋል። ኩላሊቱ የሞተ ልጅ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ደሙ በመሣሪያ መታጠብ አለበት። የዋግ ገበሬ ያን ከወዴት ያመጣል?

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ ልባችሁ ያውቀዋል። ከወልድያ ወደ ሎግያ፣ ከዚያ በጋላፊ ወደ ጂቡቲ፣ በአሳል ሐይቅ አካባቢ ባለው የጥቁር ድንጋይ በረሃ በእግር እስከ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ነው። በየካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰንዓ ላይ ስደተኞች የታጎሩበት ቤት ተቃጥሎ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የነበሩ ልጆች እዚያው አለቁ። ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ሂውማን ራይትስ ዎች አጣርቶ አውጥቷል። በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ በየመን አቢያን ዳርቻ ተገልብጣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሰጠሙ። ይህን ሁሉ አልፎ የገባውም ቢሆን መመለሻው አይታወቅም፤ በ2006 ዓ.ም. ከኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተጠርገው ሲመለሱ ቦሌ ላይ ባዶ እጃቸውን የወረዱትን ረስተናቸዋል?

ለምን ይሄዳሉ ብዬ ወጣቱን አልወቅስም። መሬቱ ተከፋፍሎ አልቋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተማችንን ረግጧታል፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ዝናቡ ቀርቶ በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ከብቱ ሲያልቅ ሁላችን አይተናል። ችግሩ እውነተኛ ነው። እኔ የምወቅሰው ችግሩን ሳይሆን በእኛ በሽማግሌዎቹ መካከል የገባውን ቸልታ ነው። በሰንበቴው ላይ የእገሌ ልጅ ይህን ያህል ላከች ስንባባል፣ የእገሌ ደግሞ ጠፋች የሚለውን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናልፈዋለን። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በፓስፖርት ላይ ሃያ ሦስት ስትሆን ዕድሜዋን የምናውቀው እኛው ነን፤ ክርስትናዋን የበላነው እኛው ነን፤ አንዳችንም አፋችንን አንከፍትም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በዚህችው ከተማ ስም፣ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ፣ እስከ 2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንዳይቀነጭር ቃል ገብቷል። ቃሉ በተገባበት ዓመት የተወለዱት ልጆች ገና በእጃችን ናቸው። ወተትና እንቁላል ተፈልጎ፣ ክንዳቸው በየጤና ጣቢያው እየተለካ ያደጉት እነዚያ ልጆች፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደላላው በዓይኑ የሚመዝናቸው እነሱን ነው።

አንዲት የሠፈራችን ልጅ ከሪያድ በኢሞ ስትደውል እናቷ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። እናቲቱ ሙቀቱ እንዴት ነው አለቻት፤ ልጅቱም ቤቱ ሁሉ ማቀዝቀዣ አለው አለች፣ ውሸትም አልነበረም። ስልኩን ስታዞረው ግን የምታድርበትን ክፍል አየሁት፤ ሰገነት ላይ ያለች፣ የውሃ ታንከር አጠገብ የተሠራች፣ መስኮቷ በካርቶን የተዘጋች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አልጋው ላይ ያለው አንሶላ በውሃ ተነክሮ ነበር። አርጥበሽ ነው የምትተኚው ወይ ብላት ሳቅ ብላ እስኪደርቅ እንቅልፍ ይወስደኛል አለችኝ። ነሐሴ ላይ የሻደይ በዓል ሲመጣ እኩዮቿ ወገባቸውን በቄጤማው አስረው ወርደው ሲጫወቱ፣ የእሷና የመሰሎቿ ቦታ ክፍት ሆኖ አየሁት። ክበቡ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው። እናንተም ታዩታላችሁ፣ የሚናገር ግን የለም።

አሁንም ጊዜ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ባላምን ኖሮ ባልጻፍኩ። ልጅ ካልቀረ፣ መሄዱ ግድ ከሆነ፣ በሕጉ ይሂድ፤ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ውሉን በሚገባው ቋንቋ አንብቦ የፈረመ፣ የአሠሪው አድራሻ በወረዳው ጽሕፈት ቤትም በቤቱም የተቀመጠ ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ሳይሆን አየሩ በሚበርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ይግባ፤ ሰውነቱ የመጀመሪያውን ክረምታቸውን ተለማምዶ ወደ በጋቸው ይሻገር። ሳይጠማውም ውሃ እንዲጠጣ፣ ላቡ ድንገት ከቆመ፣ ራሱ ከዞረና ነገር ከጠፋበት ከፀሐይ እንዲሸሽና ገላውን በውሃ እንዲያርስ ንገሩት፤ ይህን አለመንገር ያለ ስንቅ መስደድ ነው። ከዚያ የተመለሱትን ልጆች በማኅበሩ ላይ አስቀምጧቸው፣ ሳታቋርጧቸው አስወሯቸው፣ ሊሄዱ የተነሡትም ይስሙ። ለደላላ ሊከፈል የተቀመጠውን ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት በእሱ ስንት የንብ ቀፎ፣ ስንት ፍየል፣ በተከዜ ዓሣ ማስገሪያ ስንት መረብ እንደሚገዛ ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ አስሉ።

ሰሞኑን ሳይነግሯችሁ የወጡ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ እናለቅሳለን ብላችሁ ቤት አትዋሉ። ብዙዎቹ ሎግያ ላይ ጭነት እስኪሞላ ቀናት ይጠብቃሉ፣ ስልካቸውም እስከ ጋላፊ ድረስ ይሠራል። ዛሬ ማታ ደውሉላቸው፤ አትቆጡአቸው፣ የወጣውን ገንዘብ አታንሡባቸው፤ የመመለሻ መሳፈሪያ እንልክልሃለን፣ ና ግባ በሏቸው።