ማጥፊያው ያዳናቸው ወታደሮች

ብዙ የጦርነት ጌሞች ላይ የወደቀ ወታደር ቀጣዩ ደረጃ ላይ ተነሥቶ ይጠብቃል። የጃፓኑ «ፋየር ኤምብለም» ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ሲጀመር ይህን ከለከለ። እንደ ቼዝ በየተራ በሚካሄደው ውጊያ ስም፣ መልክና ታሪክ ያለው ተዋጊ ከሞተ፣ ከጥቂት ልዩ አጋጣሚ በስተቀር፣ አይመለስም። ባለክንፍ ፈረስ የምትጋልበውን ልጅ አንድ እርምጃ አብልጦ የላከ ተጫዋች፣ ቀስተኛ ሲጥላት ከራሱ በቀር የሚወቅሰው የለም።

እውነቱን ለመናገር ሕጉን የሚያከብረው ጥቂት ነው። አብዛኛው አድናቂ ማሽኑን አጥፍቶ ምዕራፉን ከሀ ይጀምራል። በ2008 የመጀመሪያው ጌም ታድሶ ሲወጣ ደግሞ አብዛኞቹ ተጨማሪ ምዕራፎች የሚከፈቱት ሠራዊቱ ከ15 ላልበለጠ ብቻ ነበር። ውጤቱ? ምዕራፎቹን ለማየት ሲል የገዛ ወታደሮቹን ሆን ብሎ የሚያስጨርስ አዛዥ! (ጨዋታ መሆኑ በጀ።)

በ2010 የወደቀው በቀጣዩ ምዕራፍ የሚመለስበት ምርጫ መጣ፤ በ2017 «ሻዶውስ ኦፍ ቫለንሺያ» ላይ ደግሞ፣ ቁጥሩ የተገደበ ቢሆንም፣ ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ተቻለ። የድሮ አድናቂዎች «ጌሙ ተበላሸ» ይላሉ። እነሱም እኮ ከሞት ሲሸሹ ነው የኖሩት። ልዩነቱ የእነሱ ሽሽት የአንድ ሰዓት ልፋት ያስከፍል ነበር። ልጅቷን ከመላኩ በፊት ካርታውን ደግሞ እንዲያይ የሚያስገድደው ያ ዋጋ ነበር። የዛሬው ተጫዋች ቁልፍ ተጭኖ ይመልሳታል፤ አንዳንዴም ስሟን ሳያስተውል።