ለ«ማሟሟቂያው» ባንድ ቀድመን እንድረስለት

የኮንሰርት ፖስተር አይታችሁ ታውቁ የለ? የዋናው ድምፃዊ ፎቶ ግማሹን ወረቀት ይይዛል፣ ስሙም ከመንገድ ማዶ ይነበባል። ከታች የስፖንሰሮች አርማ ተደርድሯል። በሁለቱ መሃል ተሸጉጣ «ሌሎችም» የምትል አንዲት ቃል አለች። ዛሬ የምንጽፈው ስለነዚህ «ሌሎች» ነው።

«ሌሎች» ማለት በሩ ከተከፈተ ጀምሮ ዋናው ድምፃዊ እስኪመጣ ድረስ መድረኩን የሚይዙት ናቸው። በእኛ ከተማ የሚያውቃቸው ሰው ቢኖር «ማሟሟቂያ» ይላቸዋል። እነሱ ሲጫወቱ አዳራሹ ገና አልሞላም። የመጣውም ሰው ቦታ ይመርጣል፣ ስልክ ያወራል፣ ጓደኛውን ይፈልጋል። ዘፈኑ ሲያልቅ የሚያጨበጭቡት አብረዋቸው የመጡት የሰፈር ልጆች ብቻ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። እንግዲህ እኛ ይህ ነገር ከይሉኝታ ማጣት ያለፈ ነው፣ ሙዚቃችንን ይጎዳል ባዮች ነን።

እንዴት? እስቲ መርካቶ እንግባ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልን።)

ማህሙድ አህመድ በ1941 መርካቶ ተወለደ። «አንቱ» ማለት ሲገባን «አንተ» ያልነው የምንወደውን ዘፋኝ እንዲያ መጥራት ልማዳችን ስለሆነ ነው። ልጅ ሳለ ሊስትሮ ሠርቷል። ኋላም አሪዞና በሚባል የምሽት ክለብ ያገኘውን ሁሉ እየሠራ ይኖር ነበር። ክለቡ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚያመሹበት ቤት ነው። በ1962 አንድ ምሽት የተለመደው ድምፃዊ ሳይመጣ ቀረ። የቤቱ ሠራተኛ ማህሙድ ጥቂት ዘፈን ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፣ ተፈቀደለትም። ብዙም ሳይቆይ ከክቡር ዘበኛ ባንድ ጋር ተቀላቀለና እስከ 1974 አብሮ ዘለቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ1975 «ኧረ መላ መላ» ወጣ፣ በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ዳግም ታትሞ የፈረንጁን ጆሮ ወደ አዲስ አበባ አዞረ። በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። በጥር 2025 ደግሞ ሚሊኒየም አዳራሽ ላይ አድናቂዎቹን ተሰናበተ።

«ማህሙድ እኮ ማሟሟቂያ አልነበረም፣ የቀረ ሰው ተክቶ ነው የገባው» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኛ የምናየው ግን በሩን ነው። ያን ምሽት ሦስት ነገሮች ተገናኝተዋል። አንደኛ፣ ያልተለማመደን ልጅ ሊያጅብ የሚችል፣ መሣሪያ በእጁ የያዘ ባንድ ነበር። ሁለተኛ፣ ስም የሌለውን ልጅ «ውጣ» የሚል ሰው ነበር። ሦስተኛ፣ የሚሰማ ጆሮ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የመርካቶው ልጅ ዕቃውን እንዳነሳ ይቀር ነበር።

ይህ የእኛ አገር ተረት ብቻ አይደለም። ኒርቫና የሚባለውን የሲያትል ግራንጅ ባንድ አስታውሱ። በነሐሴ 1991 አውሮፓን የዞረው ለሶኒክ ዩዝ መድረክ እየከፈተ ነው። በዚያው ወር እንግሊዝ አገር ሬዲንግ ፌስቲቫል ላይ የተጫወተው ገና በቀን ብርሃን፣ ከትልልቆቹ በፊት ነበር። «ኔቨርማይንድ» የተባለው አልበሙ በመስከረም ወጣ። በዓመቱ እዚያው ሬዲንግ ሲመለስ ግን የምሽቱ ዋና ባንድ እሱ ሆነ። በ1991 መጨረሻ ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ ባዘጋጁት ጉዞ ላይም ከነሱ በፊት ኒርቫና፣ ከኒርቫና በፊት ደግሞ ፐርል ጃም ይጫወቱ ነበር። አርፍዶ የገባ ሰው ምን እንዳመለጠው አስቡት!

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሮክ እንኳን ቢሆን እኛም ጋ አለ። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ይዞ ሲመጣ ጊታር ከባህላችን ዜማ ጋር እንደማይጣላ አሳይቶናል። ጥያቄው ቀጣዩ ጃኖ የት ይለማመድ ነው። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዛምባ በ2015 በእሳት ጠፋ። ካዛንቺስ በ2024 ሲፈርስ ፈንዲቃም ከኖረበት ግቢ ተነሣ። ትንንሽ መድረኮች ሲጠፉ ለጀማሪ የሚቀረው የትልቁ ኮንሰርት የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ነው። እሱንም ብዙ ጊዜ የምናየው ከኋላ በተቀዳ ሙዚቃ ሲሞላ ነው፤ ልጁ ማይክ ይይዛል፣ ባንድ የለም። በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ከንፈር በማንቀሳቀስ ደግሞ ማንም ሙዚቀኛ አልሆነም። ከበሮ መቺው ሲፈጥን መከተልን፣ ጊታሩ ሲበጠስ መቀጠልን፣ ያልወደደ ሕዝብ ፊት መቆምን ሰው የሚማረው በቀጥታ ሲጫወት ነው።

ስለዚህ አዘጋጆች ሆይ፣ ብዙ አንጠይቃችሁም። የመክፈቻውን ባንድ ስም በሚነበብ ፊደል ጻፉት። ድምፅ መፈተሻ ጊዜ ስጡት፣ የዋናው ባንድ ፍተሻ እስኪያልቅ አስጠብቃችሁ በር ሲከፈት አታስገቡት። አራት ዘፈን ይበቃል፣ ግን አራቱንም በመሣሪያ ይጫወት። ክፍያውንም «ስም ታገኛለህ» በሚል ምርቃት አትተኩት። በምርቃት ታክሲ አይሳፈሩበትም።

«እኛ የከፈልነው ለዋናው ነው፣ ጀማሪው ደካማ ቢሆንስ?» የሚል ወገን አለ። እውነት ነው፣ ደካማም ይኖራል። ቢሆንም አራት ዘፈን ሃያ ደቂቃ ነው። ዋናውን ድምፃዊ ሰዓታት ቆመን ስንጠብቅ ያልተማረርን ሰዎች በሃያ ደቂቃ ልናማርር አይገባም። ደግሞም ጀማሪው ካልጣመን አለማጨብጨብ መብታችን ነው። ይህ ራሱ ለልጁ ትምህርት ነው። ባዶ አዳራሽ ግን ምንም አያስተምረውም፣ መጥፎ ነበርኩ ወይስ ጥሩ ሳያውቅ ከመድረክ ይወርዳል።

የመርካቶ ነጋዴ ይህን ነገር ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ሸማ ተራም ሂዱ ምናለሽ ተራ፣ በጠዋት የገባን የመጀመሪያ ገዢ በባዶ እጁ መሸኘት አይፈልግም፤ ዋጋ ቀንሶም ቢሆን ይሸጥለታል። የቀኑ ገበያ በእሱ ይከፈታላ! ኮንሰርትም ገበያ ነው፣ መክፈቻውን የናቀ ገበያ አይባረክም።

እናም በሚቀጥለው ጊዜ ትኬታችሁ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚል ካለ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ግቡ። ከፊት ቁሙ፤ ቦታ እንደሆነ በሽ በሽ ነው። የማታውቁት ልጅ ጊታሩን ሲቃኝ ስማችሁ ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ወደፊት ትኬቱ ሲወደድ «እኔ እኮ ገና ሳይታወቅ ሰምቼዋለሁ» የምትሉት እናንተ ትሆናላችሁ።