ውሃን ማወቅና ውሃን ማስተዳደር

የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ ለሁለተኛው የሚዘጋጅ ተማሪ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ለትምህርት የሚልከው ወጣት ሠራተኛ፣ የውሃን ነገር ለመማር በመረጠ ጊዜ ዐሳቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ግድብ ነው። በዚህ አይወቀስም፤ ግድብ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ የመሐንዲሱም ስም ይጠራል። የውሃን ገቢና ወጪ በመዝገብ ለሚይዝ ሰው ግን ሪባን የቆረጠ እስካሁን አልሰማንም። ይሁን እንጂ አገራችንን ዛሬ የቸገራት ይኸው መዝገብ ያዥ ነው። ስለምን ቢባል፣ ቀድሞ ዓለማያ ይባል የነበረውን የሐረማያን ሐይቅ መመልከት ይበቃል።

ይህ ሐይቅ በሐረርጌ ደጋ ላይ የሚገኝ፣ የሐረር ከተማ ለብዙ ዘመን ስትጠጣው የኖረች ውሃ ነው። በ1940ዎቹ የተቋቋመውና ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የእርሻ ኮሌጅም ከሐይቁ አጠገብ ተሠርቷል። በ1990ዎቹ ግን ሐይቁ እያነሰ ሄዶ ደረቀ፤ ውሃ ይተኛበት የነበረው ሥፍራ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጕድጓዶች ሽቅብ ማስመጣት ግድ ሆነባት።

የድርቀቱ ምክንያት አንድ አይደለም። ከዙሪያው ኮረብታ በጎርፍ የታጠበው አፈር ሐይቁን በደለል ሞላው፤ ጥልቀቱ ባነሰ መጠንም ፀሐይ የምትወስደው ድርሻ በረከተ። ከተማው ለመጠጥ ቀዳ፤ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በሞተር ሳበ። ከነዚህ መካከል ሐይቁን ላድርቅ ብሎ የተነሣ ማንም አልነበረም። ገበሬው ልጁን የሚያስተምረው ከጫቱ ሽያጭ ነውና፣ ሞተርህን አጥፋ የሚለው ሰው ምን ብላ ሊለው ይችላል? ይህ ጥያቄ በመሐንዲስ ሒሳብ ብቻ አይፈታም።

በዚያን ጊዜ ስለ አፈርና ስለ ሰብል የሚያውቁ ምሁራን ከሐይቁ ዳር ነበሩ። ሕግም ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197፣ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ለቤት አገልግሎት የሚውለውም ከሁሉ እንዲቀድም ደንግጓል። እኛ እንደምናየው የጎደለው በዕውቀቱና በሕጉ መካከል የሚቆም ሰው ነው፤ ይኸውም ዝናብ ያስገባውን፣ ትነትና ሞተር ያወጡትን በየወሩ ለክቶ፣ «ዘንድሮ ከዚህ በላይ አይቀዳም» የሚልና ሲልም የሚደመጥ።

አባቶቻችን ለዚህ ሥራ ስም ነበራቸው። በሰሜኑ አገር በመስኖ የሚያርሱ ገበሬዎች የውሃ አባት ይመርጣሉ፤ እሱም ተራ ያስይዛል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ተራ የሰረቀውን ይቀጣል። ነገር ግን የውሃ አባት የሚያስተዳድረው ዓይኑ የሚያየውን ቦይ ነው። ከተማና ገጠር የሚጋሩትን ሐይቅ፣ ይልቁንም ማንም የማያየውን የከርሰ ምድር ውሃ፣ ለማካፈል ከፍ ያለ ትምህርት ያስፈልጋል። የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ አገራችን የውሃ መሐንዲሶች አፍርታለች። አሁን ሁለተኛ ዲግሪ የሚማረው ወጣት ከሃይድሮሎጂው ጋራ ሕጉንና ኢኮኖሚውን፣ ከዚያም በላይ ተጣልተው የመጡ ሁለት ባለሞተሮችን ማስታረቅን ይማር።

በቅርብ ዓመታት ውሃው ወደ ሐረማያ ተመልሶ ታይቷል፤ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ስንት ሞተር ይችላል? የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የቸገረው ተማሪ ይህን ይያዝ። ወጣቱ ሹምም ተማሪው በመጣ ጊዜ የዝናቡንና የውሃውን መዝገብ «አለቃ ይፍቀድ» እያለ ከመሳቢያ ውስጥ አያቆይበት። ተማሪውም ሥራውን ሲጨርስ አንዱን ቅጂ ለመጻሕፍት ቤቱ ይስጥ፤ ፍሬ ነገሩን ደግሞ በሁለት ገጽ በኦሮምኛ ጽፎ ወደ ሐይቁ ዳር ይውረድና ለባለሞተሮቹ ያንብብላቸው።