እናት አባቶቻችን ሲረሱ «እርጅና ነው» ብለን አንለፍ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ለንደን ውስጥ የአልዛይመር በሽታን የማጠና፣ ዶክትሬቴን በቅርቡ የጨረስኩ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ነኝ። የምጽፍላችሁ ልለምናችሁ ነው፤ አዛውንቶቻችን መርሳት ሲጀምሩ «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አትለፏቸው።

የምሠራው «ከሞትን በኋላ አንጎላችን ለምርምር ይዋል» ብለው ከተናዘዙ ሰዎች በተገኘ ናሙና ላይ ነው። በስሱ የተቆረጠው ናሙና ቀለም ገብቶበት በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በነርቭ ሕዋሳቱ መካከል አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ተጋግሮ፣ በውስጣቸው ደግሞ ታው የሚባለው ተተብትቦ ይገኛል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ያስታወቀው ይህንኑ ነው። ያከማት የነበረችው አውግስተ ዴተር ሆስፒታል ስትገባ ገና 51 ዓመቷ ነበር። ይህ በሽታ ነው፤ ከዕድሜ ጋር ቢበረታም እርጅና ራሱ አይደለም።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ቡናውን ቆልተው ሳይወቅጡ ይተዉትና ሌላ ቡና ማጠብ ይጀምራሉ። ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገዱ ይጠፋቸውና የሰው ደጅ ላይ ቁጭ ብለው ይገኛሉ። ሰፈሩ «ጃጅተዋል» አለ። ልጆቻቸው ጠበል ወሰዷቸው፤ ሳይሰለቹም አስታመሟቸው። ሐኪም ግን አንድም ቀን አላያቸውም። ጠበሉን ተዉ አልልም፤ ሐኪምም ይያቸው ነው የምለው። የሚያስረሳ ሁሉ አልዛይመር አይደለምና። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ድብርት፣ ከወደቁ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም፣ እነዚህ ሁሉ ያስረሳሉ፤ በጊዜ ከተደረሰባቸው ግን ይታከማሉ።

ለአልዛይመር ከውጭ ፈውስ እስኪመጣ ግን አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ የሰጠችው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት አሚሎይዱን ቢያጸዳም፣ ገና ጅምር ላይ ላለ ታማሚ በሽታውን በመጠኑ ያዘገያል እንጂ አያድንም፤ አንጎልን ሊያሳብጥና ሊያደማ ስለሚችልም በኤምአርአይ መከታተልን ይጠይቃል። የሚበዛው ሥራ ያለው በእናንተ እጅ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 እንዳስታወቀው፣ 14 አጋላጭ ነገሮች ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የመስማት ችግርና ብቸኝነት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ግፊታቸውን አስለኩ። ጆሯቸው ከከበደ አስመርምሩ። ከዕድሩ፣ ከሰንበቴው፣ ከቡናው ጨዋታ አታስቀሯቸው።

ሌላም ልመና አለኝ። እንደ አልዛይመር ያሉ የአንጎል በሽታዎች የዘረመል ጥናት በአብዛኛው የተሠራው የአውሮፓ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። በ2023 የወጣውና በርካታ ናይጄሪያውያን የተሳተፉበት የፓርኪንሰን በሽታ ጥናት ግን በአውሮፓውያን ዘንድ የለም ሊባል የሚችል የዘረመል ልዩነት አገኘ። እነዚያ ናይጄሪያውያን ደማቸውን ባይሰጡ ኖሮ ማን ያውቀው ነበር? ተመራማሪ ወደ ሕዝቡ መውረዱ በአገራችንም አዲስ አይደለም፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ጓያ እግራቸውን ያሽመደመዳቸውን ገበሬዎች ቀዬአቸው ድረስ ወርደው አጥንተዋል። ተመራማሪ በራችሁን ሲያንኳኳ ዓላማውን ጠይቁ፤ የፈቃድ ወረቀቱን አስነብባችሁ ተረዱ፤ ካመናችሁበት ተሳተፉ። እኔና የሙያ ጓደኞቼ የምንደክምበት መድኃኒት ለወላጆቻችንም እንዲሠራ፣ የእነሱም ናሙና በጥናቱ ውስጥ መኖር አለበት።

አክባሪ እህታችሁ፣
ከለንደን