«ፎርማት ኦል» የመጀመሪያ መድኃኒት አይሁን

ይድረስ በእንጅባራና በዳንግላ ስልክ ለምትጠግኑ ወንድሞችና እህቶች፤

እጃችሁ ፈጣን ነው፤ በዚያ አላማችሁም። የምወቅሰው አንድ ልማዳችሁን ነው። ሚዲያቴክ ቺፕ ያለው ስልክ ሎጎ ላይ ቆሞ ሲመጣላችሁ ኤስፒ ፍላሽ ቱልን ትከፍቱና በቀጥታ «ፎርማት ኦል» ትላላችሁ። ስልኩ ይነሳል፣ ሂሳብ ይከፈላል። የፋግታ ለኮማው ገበሬ፣ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ሸጦ የገዛውን ስልክ ይዞ ቀዬው ሲደርስ ግን ኔትወርክ የለም። *127# ቢደውል ቴሌብር አይመልስለትም፤ *#06# ቢሞክር የስልኩ መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ) ጠፍቷል። የልጆቹ ፎቶማ ቀድሞ ሄዷል።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ በስልኩ ፍላሽ ማከማቻ ላይ የቆየውን ሳያጠፉ አዲሱን መደረብ አይቻልም። አንድ ብሎክ ሲጠረግ ቢቶቹ ሁሉ 1 ይሆናሉ፤ መጻፍ ማለት ከእነዚያ አንዳንዱን ወደ 0 ማውረድ ነው። አንዷን 0 ወደ 1 ለመመለስ ብሎኩ በሞላ እንደገና ይጠረጋል። እናንተ ደግሞ የምትጠርጉት አንድ ብሎክ ሳይሆን ማከማቻውን በሙሉ ነው። ኤንቪራም የሚባለው ክፍል አይኤምኢአይን ብቻ ሳይሆን ፋብሪካው ለዚያ አንድ ስልክ የለካውን የሬዲዮ ማስተካከያም ይይዛል። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት የፈርምዌር ፋይል የተሠራው ለሞዴሉ ነው፤ ይህን አይመልስም።

ከዚያ የሚከተለው ይብሳል። አንዳንዳችሁ ከሌላ ቀፎ የተቀዳ ቁጥር ትጽፉበታላችሁ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. ቀፎዎችን በዚሁ መለያ ቁጥር መመዝገብ ጀምሮ እንደነበር ታውቃላችሁ። በተቀዳ ቁጥር የሚሠራ ስልክ ነገ ቢታገድ ወይም ወንጀል ውስጥ ቢገኝ የሚጠየቀው ገበሬው ነው። ትክክለኛው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ታትሟል፤ ካርቶኑን ይዘህ ና ማለት ምን ይከብዳል?

«ሰው ይቸኩላል፣ መብራት ይጠፋል» ትሉኛላችሁ። መብራቱ እውነት ነው፤ ላፕቶፑን ቀድማችሁ ሙሉት፣ ፕሪሎደር እየተጻፈ ኃይል ከተቋረጠ ስልኩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ችኮላው ግን አያስኬድም። ኤንቪራምን፣ ኤንቪዳታንና ፕሮቴክት የሚባሉትን ክፍሎች በሪድባክ አንብቦ ማስቀመጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቀጥሎ «ዳውንሎድ ኦንሊ» ይሞከር፣ የዩዘርዳታው ምልክት ተነሥቶ። ሎጎ ላይ የቆመ ስልክ ብዙ ጊዜ በዚህ ይነሳል። ካልተነሣ ባለቤቱን ጠይቁት፤ ፎቶው እንደሚጠፋ ሰምቶ እሺ ይበል።

ለቅጂው ተጨማሪ ብር ብትጠይቁ እኔ በበኩሌ አልከራከርም፤ ፋይሉን በስሜና በቀኑ ብቻ አስቀምጡልኝ።