ስለ ታመቀ ፊልምና ስለ ውጭ ገበያ

በዛሬው ዘመን ወደ ውጭ አገር የሚላከው የንግድ ዕቃ በጆንያ የሚታሰርና በመርከብ የሚጫን ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በካሜራ ያነሣውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል በኢንተርኔት ለወኪል ያስረክባል፤ ወኪሉም ለማስታወቂያ ሠሪ፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያና ለፊልም አዘጋጅ የመጠቀሚያውን ፈቃድ እየሸጠ ለባለቤቱ ድርሻውን ይከፍለዋል። በገበያው ስቶክ ፉቴጅ የሚባለው ይህ ንግድ ከሌላው የሚለይበት ጠባይ አለው። ቡና ተሽጦ ከተጫነ ከመጋዘን ይወጣል፤ ይህ ግን ለአንዱ ተሽጦ ለመቶውም ይሸጣል። ስለዚህ መልካምነቱም ሆነ ጉድለቱ በየሽያጩ ይደጋገማል።

ጉድለቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ሥዕሉ ሲነሣ ሳይሆን ለመላክ ሲዘጋጅ ነው። ባለ 4ኬ የሚባለው ሥዕል አንዱ ፍሬም 3840 በ2160፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን የሚበልጡ ነጥቦች አሉት። በሴኮንድ 25 ፍሬም ሆኖ፣ ቀለሙ በ10 ቢት ተመዝግቦ፣ 20 ሴኮንድ የሚፈጀው ሥዕል ምንም ሳይታመቅ ቢቀመጥ ከ10 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። እንግዲህ ማመቅ የግድ ነው፤ ጥያቄው በምን ዓይነት ኮዴክና እስከ ምን ድረስ ይታመቅ የሚለው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የወጣው ኤች.264 በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ቢመደብለት ያንኑ 20 ሴኮንድ ወደ 250 ሜጋባይት ያወርደዋል። የአፕል ኩባንያ በ2007 ያወጣው ፕሮሬስ 422 ኤች.ኪው. ግን ለዚህ ዓይነቱ ሥዕል በሴኮንድ 737 ሜጋቢት ያህል ስለሚወስድ ፋይሉ 1.8 ጊጋባይት ይደርሳል። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መሥመር የመጀመሪያው ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲላክ ሁለተኛው 25 ደቂቃ ያስጠብቃል። ሻጩ ቀላሉን ቢመርጥ አያስወቅሰውም፤ ነገር ግን ምርጫው ምን እንደሚያስከፍለው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ለምሳሌ አንድ ሰው የጥምቀትን በዓል በጎንደር በአፄ ፋሲል መዋኛ አነሣ እንበል። ኤች.264 እንደ ልማዱ አንዱን ፍሬም ሙሉውን ይይዝና ለሚከተሉት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ጸጥ ብሎ ለሚታይ ተራራ ይህ ብልሃት ይበቃል። ወጣቶቹ ወደ ውኃው ዘለው ሲገቡና ፍንጣሪው ሲበተን ግን በሥዕሉ ላይ ያለው ነጥብ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይለወጣል፤ የተመደበው ቢት ስለማይበቃም ጠብታው ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለወጣል። ተራ ካሜራዎች በሚጠቀሙበት 4፡2፡0 በሚባለው አያያዝ ቀለም የሚመዘገበው ለአራት ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የቀዩ ጥላና የወርቀ ዘቦው ጠርዝ ይደበዝዛል። ሰማዩም ቢሆን በ8 ቢት ሲመዘገብ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 ደረጃ ነው፤ በ10 ቢት ግን 1024 ነው። ገዢው ሰማዩን ትንሽ ላጥቁረው ቢል በ8 ቢቱ ላይ እንደ ደረጃ ያለ መሥመር ብቅ ይልበታል።

ሻጩ ይህን ሁሉ በራሱ ስክሪን ላይ አያየውም፤ ሥዕሉ ያማረ መስሎ ይታየዋል። ገዢው ግን ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀለሙን ያርማል፣ ይቆርጣል፣ ከሌላው ጋር ያዋሕዳል፣ በመጨረሻም እንደገና ያምቀዋል። ቡና ላኪዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። የውጭ አገር ቆዪ ጥሬውን የሚፈልገው እንደ ደንበኛው ልማድ ሊቆላው ነው፤ ተቆልቶ የደረሰው ቡና ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። ዋናውን ፋይል ቦታ ጠበበኝ ብሎ የደመሰሰ የጥምቀት አንሺም እስከሚቀጥለው ጥር 11 ቀን ከመጠበቅ በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

እንዲህ ሲባል ግን ከባድ ፋይል ሁሉ መልካም ዕቃ ነው ማለት አይደለም። ካሜራው ራሱ በ8 ቢትና በኤች.264 የመዘገበውን ወደ ፕሮሬስ ኤች.ኪው. መገልበጥ ሩብ ኩንታል እህል በኩንታል ጆንያ እንደ መጨመር ነው፤ ጆንያው ተለቀ እንጂ እህሉ አልበዛም። ካልተነካ ከካሜራው የወጣውን እንዳለ መላክ ይሻላል። ቀለሙ ከታረመ ግን ሁለተኛ ኪሳራ እንዳይደርስበት በፕሮሬስ ማውጣት ተገቢ ነው፤ ለዚህም ኤች.ኪው. የሚል ቅጥያ የሌለው ተራው ፕሮሬስ 422 ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፣ ክብደቱም በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። 2 ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ያለውን ሥዕል በመሣሪያ ዘርግቶ 4ኬ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰውስ? ይህ የቴክኒክ ስሕተት ሳይሆን ጠጠር የተቀላቀለበትን ቡና አንደኛ ደረጃ ነው ብሎ እንደ መሸጥ ያለ ነውር ነው።

በ2013 የወጣው ኤች.265 እና በ2018 የወጣው ኤ.ቪ.1 ከኤች.264 ይልቅ በእጅጉ የሚቆጥቡ ናቸው። ዋና ጥቅማቸው ግን ያለቀውን ፊልም ለተመልካች ማድረስ ነው፤ ለሚቆርጠውና ለሚያርመው ባለሙያ ኮምፒዩተሩን ያከብዱበታል። ካሜራው በ10 ቢት ኤች.265 የሚመዘግብ ካልሆነ በስተቀር ለናሙና ማሳያ እንጂ ለሚሸጠው ዕቃ አይመረጡም።

የወኪሎቹ ደንብ እንደየቤቱ ይለያያል፤ በየጊዜውም ይለወጣል። ቀደም ሲል ፎቶ ጄፔግ የሚባለው በስፋት ይፈለግ ነበር። ስለዚህ ሻጩ ዋናውን በሁለት የተለያዩ ዲስኮች አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ወኪል የሚስማማውን ቅጂ ሁልጊዜ ከዚያው ከዋናው ያውጣ፤ ወኪሉ ኤች.264 ብቻ የሚቀበል ከሆነም ደንቡ የሚፈቅደውን ከፍተኛ ቢት መድቦ ይላክለት። 25 ደቂቃ የሚፈጀውንም ፋይል መሥመሩ በሚቀልበት በሌሊት ማስተላለፍ ይቻላል።