ሎግ ፋይል የማን ሥራ ነው?

እኔ ዛሬ የማነሳው ማንም ሊጽፍበት የማይፈልገውን ነገር ነው፤ ሎግ ፋይልን። አሰልቺ ይመስላል። እኔም አንዲት እናት ፊት ቆሜ መልስ እስካጣ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት መሥሪያ ቤት ተገልጋዮች የሚመዘገቡበት አንድ የዌብ አፕሊኬሽን ነበር፤ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ በቶምካት የሚሠራ። አንድ ቀን ጠዋት ምዝገባው ቀጥ አለ። ሰልፉ ከበር ወጥቷል። ገብተን ስናይ ዲስኩ መቶ በመቶ ሞልቷል። የሞላው ደግሞ በተገልጋዮች መረጃ አይደለም፤ ሰርቨሩ ከተተከለ ጀምሮ ማንም ሳይነካው ሲያድግ በኖረ አንድ ሎግ ፋይል ነው። ዲስክ ሲሞላ ዳታቤዙም የሚጽፍበት ቦታ ያጣል፣ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

እኔ ምን አደረግሁ? ፋይሉን ሰረዝኩት። ጉድ ፈላ! ዲስኩ አሁንም ሙሉ ነው። ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በሊኑክስ ፋይል ሲሰረዝ መጀመሪያ የሚጠፋው ስሙ ነው፤ የከፈተው ፕሮሰስ እስካልዘጋው ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ቶምካትም የያዘውን አልለቀቀም። አጥፍተን ስናስነሳው ቦታው ተገኘ፣ ምዝገባው ቀጠለ፣ እኔም «ጎበዝ» ተባልኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት እናት መጡ። «ተመዝግቤያለሁ፣ ቁጥርም ነግረውኝ ነበር» ይላሉ። ሲስተሙ ስማቸውን አያውቀውም። ምዝገባቸው መሐል ላይ ተሰናክሎ ይሁን ወይስ ጭራሹን ሳይገባ ቀርቶ፣ ሊነግረን የሚችለው ያ ሎግ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ በገዛ እጄ ሰርዤዋለሁ። እኚህ እናት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ እንደ አዲስ ይመዝገቡ ተባሉ፣ ተራቸውም ከኋላ ሆነ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እየተባልን ያደግን ልጆች ጽሑፉን አጥፍተን ሲያበቃ ቃላቸውንም አላመንናቸውም።

ለገና ቀየት ቤተሰቦቼ ዘንድ ስሄድ ነገሩን ለአባቴ አጫወትኳቸው። አባቴ ኮምፒዩተር አያውቁም። የጠየቁኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ «ለመሆኑ ልጄ፣ መዝገቡን የሚጠብቀው ማን ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ሰርቨሩን የተከለው ሰው ሥራ ለቋል፣ ፕሮግራሙን የጻፉት ሌሎች ናቸው፣ እኔ እንግዳ ነኝ።

ለመንዝ ሰው ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የጓሳ የጋራ መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንስቶ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳ ይከፈታል። መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ጠባቂው ማን እንደሆነ የታወቀ ነበር። ሎግ ፋይልም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ የታወቀ ጊዜና የታወቀ ጠባቂ።

መሣሪያው እንደሆነ አለ። ሎግሮቴት የሚባለው ፕሮግራም በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ይገኛል። በየቀኑ ይነሳል፣ የትናንቱን ፋይል ስሙን ለውጦ ያስቀምጣል፣ ይጨምቃል፣ ገደቡ ያለፈበትን ያስወግዳል። «ታዲያ ካለ ምን ታካብዳለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልብ በሉ፤ የሲስተሙን ሎጎች ያውቃቸዋል፣ የራሳችንን አፕሊኬሽን ሎግ ግን ካልነገርነው አያውቀውም። በየቀኑ አዟዙር፣ ይህን ያህል ቀን አቆይ፣ ጨምቅ የሚሉ ጥቂት መስመሮችን መጻፍ የእኛ ፋንታ ነው። ፋይሉን ይዞ የማይለቅ ፕሮሰስ ካለ «ኮፒትራንኬት» የሚለው ትእዛዝ ይጨመራል፤ ሎጉን ቀድቶ ዋናውን ፋይል ባለበት ባዶ ያደርገዋል። በመቅዳቱና ባዶ በማድረጉ መካከል የተጻፈ ጥቂት መስመር ሊጠፋ እንደሚችል ግን ይታወቅ።

ስንት ቀን ይቆይ? አባቴ የሚበላውን ገብስና የዘሩን ገብስ አይቀላቅሉም። እኛም ለስህተት ፍለጋ ብቻ የሚጻፈውን ለሁለት ሳምንት አቆይተን ብንጥለው አንጎዳም፤ ማን መቼ ተመዘገበ የሚለውን ግን በሌላ ፋይል ለይተን ረዘም ላለ ጊዜ ማኖር አለብን። ሕጉንም ማወቅ ይገባል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ ከተፈለገበት ዓላማ በላይ እንዳይቆይ ይገድባል። ስለዚህ ሁሉንም መጣልም ሁሉንም ማከማቸትም አያዋጣም።

ቦታ የለም እንዳይባል፣ በቀን 300 ሜጋ ባይት የሚጽፍ አፕሊኬሽን በዓመት 110 ጊጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ጽሑፍ በደንብ ይጨመቃልና ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድ 11 ጊጋ ባይት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ተገልጋይ አቤቱታውን የሚያመጣው በእኛ አቆጣጠር ነው። «ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ቢሉን፣ በዩቲሲ ሰዓት የተሞላ ሰርቨር ያንኑ ደቂቃ ኦክቶበር 22 ቀን 2024፣ 6፡00 ብሎ ነው የጻፈው። በዚያ ላይ የሰርቨሩ እኩለ ሌሊት የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሆነ፣ በእኩለ ሌሊት የሚዟዟር ከሆነ «የሰኞ» ብለን የምንከፍተው ፋይል የማክሰኞን ሌሊት 3 ሰዓታት ጨምሮ ይይዛል። ይህን ያላወቀ ሰው ሎጉ እያለ «የለም» ብሎ ተገልጋይ ይመልሳል።

በበኩሌ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ስናቀርብ ስለ ስክሪኑ ውበት እንጠየቃለን፣ ስለ ዳታቤዙ እንጠየቃለን። ስለ ሎጉ የጠየቀን የለም። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ፕሮጀክት አንዲት ገጽ ይጨምር፤ ምን ይመዘገባል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ የት ይቀመጣል፣ ጠባቂው ማን ነው? መምህራንም በመከላከያው ቀን ይህን ይጠይቁን፣ ማዟዟሩንም ፊታቸው ሠርተን እናሳይ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የእኚያን እናት ተራ አሁን ልመልስላቸው አልችልም። ቀጥሎ ሰርቨር የሚረከብ ወንድሜ ወይም እህቴ ግን የአባቴን ጥያቄ ሲጠየቅ «እኔ ነኝ» ብሎ እንዲመልስ እመኛለሁ።